ለውዙን ሻጋታ ሲበላው ሪባን የሚቆርጡልን!

አዎ፣ ስለ ለውዝ ልጽፍ ነው። “ሰው በየመንገዱ እየታገተ፣ ኑሮው ጣሪያ ነክቶ፣ ስለ ለውዝ ይጻፋል እንዴ?” የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሰኝ። ነገሩ የቁርስ ጉዳይ አይደለም። የጉበት ጉዳይ፣ የሕፃናት ጉዳይ፣ ከዚያም አልፎ ሕዝቡን የሚያበላው ምን እንደሆነ ለማወቅ የማይፈልግ መንግሥት ጉዳይ ነው።

ቦሌ አካባቢ ካሉት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበሉ። መደርደሪያው ላይ ባማረ ከረጢት የታሸገ ለውዝ ያገኛሉ። አልሞንድ ይሉታል። ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። ዋጋውን አይቶ እንደኔ ወደ ቦታው የሚመልሰው ብዙ ነው። ከሱፐርማርኬቱ ሲወጡ ደግሞ በር ላይ አንድ ልጅ ካርቶኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ “ለውዝ! ለውዝ!” ይልዎታል። እሱ ለውዝ የሚለው ኦቾሎኒውን ነው። ከሐረርጌ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከቤኒሻንጉልም ሊሆን ይችላል። ልጁ አያውቅም፣ እርስዎም አያውቁም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማወቅ የነበረበት መንግሥት አያውቅም።

ስሙን እንኳ ያመጣነው ከአረብኛ ነው። አረቦቹ ለውዝ የሚሉት ያንን ዛፍ ላይ የሚያፈራውን ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የአሮን በትር አቆጠቆጠች፣ አበበች፣ ለውዝም አፈራች ሲባል እሱን ማለት ነው። እኛ ደግሞ ስሙን ወስደን መሬት ውስጥ ለሚያፈራው ሰጠነው። ግድ የለም፣ በስም ማንም አይከስስም። ችግሩ ስሙን እንጂ ሥራውን አለመውሰዳችን ነው።

ሥራው ምንድነው?

የካሊፎርኒያ ገበሬ ዛሬ ከዓለም አልሞንድ ከአምስቱ አራቱን እጅ ያህል ያመርታል። እዚህ የደረሰው መሬቱ ስለተባረከለት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ገበሬዎቹ ነጋዴ እንደፈለገ ዋጋ ሲጥልባቸው ጊዜ የራሳቸውን የሽያጭ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1950 ደግሞ በፌዴራል ሕግ የሚመራ፣ ከአምራቾችና ከአዘጋጆች የተውጣጣ ቦርድ ተቋቋመ። ይህ ቦርድ ከሚሸጠው እያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ጥቂት ሳንቲም ይሰበስባል፤ በዚያ ገንዘብ ምርምር ያሠራል፣ ጥራት ይቆጣጠራል፣ ገበያ ያፈላልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2004 በጥሬ አልሞንድ ምክንያት ሳልሞኔላ የሚባለው ተውሳክ ሰው አሳመመ። ምን አደረጉ? “የምርታችንን ስም የሚያጠፉ ጠላቶች አሉ” ብለው መግለጫ አወጡ እንዴ? ጋዜጠኛ አሰሩ? የለም። ከ2007 ጀምሮ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚቀርብ አልሞንድ ሁሉ ተውሳኩን በሚገድል መንገድ እንዲታከም አስገዳጅ ደንብ አወጡ። አንዳንድ ገበሬዎች ተቃውመው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ደንቡ ግን ጸና። በዚያው ሰሞን አውሮፓ ስለ ሻጋታ መርዝ ሲያጉረመርም፣ ምርቱ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ናሙና የሚመረመርበትን ሥርዓት ዘረጉ።

መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም! የሸለቆአቸውን የከርሰ ምድር ውሃ አለቅጥ ስበው መሬቱ እስኪሰምጥ አድርሰዋል። በድርቁ ዘመን የድሃ መንደር ጉድጓድ ደርቆ የእነሱ ዛፍ ይጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአንድ ፓውንድ 4 ዶላር ያህል ያገኝ የነበረው ገበሬ፣ ሁሉም ተሻምቶ ስለተከለ በ2022 ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶበታል። ስግብግብነቱ እዚያም አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል። የሚበላ ነገር ለገበያ ማቅረብ ማለት “ይህን ብትበላ አትታመምም” ብሎ መፈረም ማለት ነው። ፊርማው ከሌለ ገበያው የለም።

የእኛን ፊርማ ማን ይፈርምልን?

ባቢሌ

ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲሄዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ባቢሌን ያገኛሉ። ብዙዎቻችን በጠርሙስ ውሃዋ እናውቃታለን። የለውዝ ሀገር ናት። ባቢሌ፣ ፈዲስ፣ ጉርሱም፣ ይህ ሁሉ ቆላ ዝናቡ የሚያስተማምን አይደለም፣ አፈሩ ግን አሸዋማ ስለሆነ ለኦቾሎኒ ይስማማዋል። ድርቁን ችሎ የሚያፈራ፣ ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሌላ ሰብል ቢኖር ጫት ነው።

በምርት መሰብሰቢያ ሰሞን ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገበሬው ለውዙን ይነቅላል፣ እዚያው መሬት ላይ ያሰጣል። ሸራ የለውም። ሌሊት ጤዛ ይወርድበታል፣ አንዳንዴ ያልታሰበ ዝናብ ይመጣበታል። ሳይደርቅ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሴቶቹና ልጆቹ በእጃቸው ይፈለፍሉታል። ቅርፊቱ ደረቅ ከሆነ ጣት ይልጣል፣ ስለዚህ ውሃ ይረጩበታል። ውሃው ሁለት ጥቅም አለው፤ መፈልፈሉን ያቀላል፣ ሚዛኑንም ከፍ ያደርጋል። ሻጋታ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምን ድግስ ይፈልጋል?

አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ አገኘሁና “ኦቦ፣ ይሄን የጠቆረውን፣ የተጨማተረውን ለምን አይለዩትም?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

“ልጄ፣ ብለየው ማን ይከፍለኛል? ደላላው መጥቶ የኔንም የጎረቤቴንም አንድ ላይ ነው የሚቀላቅለው። ንጹሑም የሻገተውም ዋጋው አንድ ነው። የለየሁት ቀን ኪሎዬ ጎደለ፣ ብሬ ጎደለ። ታዲያ እኔ ሞኝ ነኝ?”

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው! በየስብሰባው “የአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት” እየተባለ ስንት ዘመን ተቀለደ? ሽማግሌው የግንዛቤ እጥረት የለባቸውም። ሂሳቡን ከባለሥልጣኑ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ንጽሕና የማይከፈልበት ገበያ ላይ ንጹሕ መሆን ኪሳራ ነው። እንዲህ ያለውን ገበያ የሠራው ገበሬው አይደለም። ዝም ብሎ የሚመለከተው መንግሥት ነው።

መርዙ

አፍላቶክሲን ይባላል። አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ዝናብ ሲያጥረው ገና መሬት ውስጥ እያለ ይይዘዋል፣ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች ደግሞ ይባስበታል። አይሸትም። ብዙ ጊዜ በዓይንም በምላስም አይለይም። ቢቆሉት ከፊሉ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጠፋም።

ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው በለውዝ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ሀገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ረገፉ። ሲመረመር ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ የተሠራ መኖ በልተው ኖሯል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም፣ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተርታ መድቦታል። የሚያጠቃው ጉበትን ነው፤ የጉበት ቫይረስ ያለበትን ሰው ደግሞ ይብስበታል። የልጆችን እድገት ከማቀጨጭ ጋር የሚያያይዙት ጥናቶችም አሉ። በብዛት የተበላ እንደሆነ ዓመታትም አይጠብቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

እኛስ ጋ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ የሀገራችን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በሰበሰቡት 120 የለውዝ ናሙና ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። በ93ቱ መርዙ ተገኘ። መጠኑስ? በዓለም አቀፉ የምግብ መለኪያ፣ ገና ወደ ፋብሪካ ለሚገባ ለውዝ የሚፈቀደው ከቢሊዮን 15 እጅ ነው። ይህ ማለት በአሥር ኩንታል ለውዝ ውስጥ 15 ሚሊግራም ብቻ ማለት ነው። ከ93ቱ ዝቅተኛው 15 ሲሆን፣ ከፍተኛው 11,900 ሆኖ ተገኘ። አሥራ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ! የማተሚያ ቤት ስህተት እንዳይመስላችሁ።

ይህ ጥናት የተደበቀ አይደለም። ታትሟል፣ ያገር ልጆች ናቸው የሠሩት። ታዲያ በማግስቱ ምን ሆነ? ባቢሌ ገበያ ላይ መመርመሪያ ተተከለ? ለገበሬው ሸራ ታደለ? እኔ በሄድኩበት ጊዜ ገበያው ውስጥ ሚዛን አየሁ፣ ደላላ አየሁ፣ ቀረጥ ሰብሳቢ አየሁ። ናሙና የሚወስድ ሰው አላየሁም።

የወተቱን ነገር አስታውሱ እስቲ። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ወተት ተመርምሮ ከተወሰዱት 110 ናሙናዎች በሙሉ ይኸው የመርዝ ዘር ተገኘ ተባለ። ከላሞቹ መኖ ውስጥ ዋናው ተጠያቂ የኑግ ፋጉሎ ሆነ። አንድ ሰሞን ከተማው ተንጫጫ፣ እናቶች ወተት መግዛት ፈሩ፣ የወተት ገበሬው ከሰረ። ከዚያስ? ከዚያማ ተረሳ። እኛም ጋዜጠኞች ረሳነው፣ ይህን ልደብቅ አልችልም። ላሚቱ ግን ፋጉሎዋን መብላት አላቋረጠችም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ “የሌማት ትሩፋት” ታወጀ። ወተት ይብዛ፣ እንቁላል ይብዛ፣ ማር ይብዛ ተባለ። ይብዛ፣ ማን ይጠላል! ግን ከመብዛቱ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ አለ?

ሁሉን የሚያሳፍረው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፕላምፒ ነት የሚባለውን ታውቁታላችሁ። በምግብ እጥረት የከሱ ሕፃናት በየጤና ጣቢያው የሚሰጣቸው፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ምግብ ነው። ከለውዝ ቅቤ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳርና ከዘይት ተሠርቶ ቪታሚን ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳዮች ፈለሰፉት። ሕፃናቱን ሆስፒታል አስተኝቶ ከመመገብ ይልቅ በዚህ ምግብ በየቤታቸው ማከም እንደሚቻል ከታየባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የት መሰላችሁ? እዚሁ እኛው ሀገር፣ ሐዲያ ውስጥ በደዋቾ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000። ያን ጊዜ በእኛ ልጆች ላይ የተገኘው እውቀት ዛሬ የዓለምን ልጆች ያድናል።

ይህ ምግብ ሀገራችን ውስጥም ይመረታል። የሕፃን ምግብ ስለሆነ ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት መስፈርት ጥብቅ ነው፤ አፍላቶክሲኑ ከቢሊዮን 5 እጅ መብለጥ የለበትም። የባቢሌ ለውዝ ይህን አላለፈም። ስለዚህ ለረሀብተኛው የኢትዮጵያ ሕፃን የሚሠራው ምግብ፣ ለውዙ ከባሕር ማዶ በዶላር እየተገዛ እስከ መግባት ደረሰ!

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቆም ብለህ አስበው። ለውዝ አምራች ሀገር ነን። የተራበ ሕፃንም አለን። በሁለቱ መካከል የቆመው ሻጋታ ብቻ ነው። ሻጋታውን የሚያስወግደው ደግሞ ሸራ፣ ፀሐይና ሐቀኛ ሚዛን ነው። የሐረርጌ ገበሬ ለውዙን ለደላላ በርካሽ ይሸጣል፤ የሐረርጌ ገበሬ ልጅ ደግሞ የባዕድ ሀገር ለውዝ በእርዳታ ይበላል። ከዚህ የበለጠ ውርደት ካለ ንገሩኝ!

ፋብሪካው የመለሰው ለውዝስ ወዴት ሄደ? ሲቃጠል ያየሁት የለም። የተመለሰው ሁሉ ሌላ ገዢ ያገኛል። ይቆላል፣ ይፈጫል፣ “የለውዝ ቅቤ” ተብሎ ይታሸጋል፣ በላስቲክ ተቋጥሮ መርካቶና መገናኛ ይሸጣል። በር ላይ የቆመው ልጅ የሚያዞረው ከዚያ አለመሆኑን ማን ያረጋግጥልናል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተላክሁ። አንዱ “ደብዳቤ ይዘህ ና” አለኝ። ነፃ ጋዜጠኛ ማንን ደብዳቤ ይጠይቃል? ሁለተኛው “ይህ የግብርና ጉዳይ ነው” አለ። ሦስተኛው “የለም፣ የንግድ ነው” አለ። አራተኛው ግን በሩን ዘጋ አድርጎ እንደ ወንድም መከረኝ። “ተው፣ ይህን አታውጣው። ኤክስፖርታችንን ትጎዳለህ።”

ልመልስለት። ወንድሜ፣ አውሮፓዊው ገዢ የእኔን ጽሑፍ አይጠብቅም። ወደቡ ላይ ናሙና ወስዶ ይመረምራል፣ ካላለፈ ይመልሰዋል። እሱ ያውቃል። ነጋዴው ያውቃል። አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው ለልጇ ለውዝ ገዝታ የምትሄደው እናት ብቻ ናት። እንግዲህ ምስጢር የምትሉት ነገር የሚጠበቀው ከማን ነው? ከእሷ ነው!

“ገንዘብ የለም” እንዳይባል ደግሞ ለፓርክ፣ ለፏፏቴ፣ ለመብራት ጌጥ ገንዘብ ሲገኝ አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ኤክስፖርት ማድረግ ጀመርን ተብሎ በካሜራ ፊት ጭነት ተሸኝቷል፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መባቻ ላይ ደግሞ እርዳታው ለማይገባው እየዋለ ነው ብለው አሜሪካኖቹና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል አቋረጡብን። ሪባን መቁረጥ የሚወድ መንግሥት ሸራ ማደል አይወድም። ሸራ ለቴሌቪዥን አያምርማ!

ምን ይደረግ?

ነቀፋ ብቻ ይዞ መጣ እንዳልባል ልናገር። ከሮኬት ሳይንስ የሚቆጠር ነገር የለውም።

መጀመሪያ፣ ለንጹሕ ለውዝ የበለጠ ዋጋ ይከፈል። ውጤቱን በደቂቃዎች የሚያሳይ መመርመሪያ ዓለም ላይ ሞልቷል። በዋና ዋናዎቹ ገበያዎች ይተከል፤ ያለፈ ለውዝ በአንድ ዋጋ፣ ያላለፈ በሌላ ይሸጥ። ያን ዕለት ሽማግሌው ማንም ሳያስተምራቸው የጠቆረውን ይለያሉ፣ ውሃ መርጨቱም በራሱ ጊዜ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ሸራና በእጅ የሚዞር መፈልፈያ ለገበሬው በብድር ይድረሰው። በናይጄሪያ፣ በኬንያና በሴኔጋል መርዝ የማያመነጨውን የሻጋታውን ዘመድ ማሳ ላይ በትነው መርዘኛውን ቦታ የሚያስለቅቁበት ዘዴ በሥራ ላይ ውሏል፤ ባቢሌ ያነጋገርኳቸው ገበሬዎች ስሙንም አልሰሙም። ወረር ያለው የምርምር ማዕከላችን የለውዝ ዝርያ ሲያወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ከባቢሌ ሩቅ አይደለም። እውቀቱ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ግን ቢሮ ውስጥ ተቆልፏል።

ሦስተኛ፣ ያላለፈው ለውዝ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቅ። በወጉ በፋብሪካ ከተጣራ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ መርዙ ከማጣሪያው ጋር ይቀራል። ፋጉሎው ግን የታለበች ላም አፍ እንዳይገባ! አለበለዚያ ከለውዙ ያባረርነው በወተቱ ይመለሳል።

አራተኛ፣ የምርመራው ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። የየትኛው ገበያ፣ የየትኛው አምራች፣ ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ። መንግሥት ይህን ካደረገ እኔ የመጀመሪያው አመስጋኝ ነኝ፤ ብዕሬን አስመስክሬ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፣ ገበሬው የራሱ ማኅበር ይኑረው። ካድሬ የሚሾምለት ሳይሆን ራሱ መርጦ ራሱ የሚሽረው። ከእያንዳንዱ ኪሎ ጥቂት ሳንቲም አዋጥቶ ራሱ መርማሪ ቢቀጥር፣ ማንም አያታልለውም። የካሊፎርኒያው ገበሬ ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ቧንቧውን ሲዘጋ አይተናል። የሰው እጅ የያዘው እንጀራ እንዲህ ነው፤ እጁን ሲያጥፍ ጦም ይታደራል። ነገ ደግሞ ያ ትንሽ ከረጢት ከውጭ ባይመጣ፣ የከሳ ልጅ ይዛ ጤና ጣቢያ በር ላይ የምትቆመውን እናት ምን ብለን እንመልሳታለን? “ለውዝ አለን፣ ግን መርዝ አለው” ነው የምንላት?

ባቢሌ ላይ ስሰናበታቸው ሽማግሌው ከአዲሱ ምርታቸው አንድ እፍኝ ለውዝ ዘግነው ሰጡኝ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም። አመስግኜ ተቀበልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አንዱን ፈለፈልኩት፣ አየሁት፣ ንጹሕ ይመስላል። ግን በምን አውቃለሁ? ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ ያንን ብቻ ነው፤ የምንበላውን እንወቀው!

ቸር ይግጠመን።